የሰፈራችን የሸቀጥ ሱቅ እንዳይዘጋ ነዋሪው ምን ያድርግ? (ጅማ ዙሪያ)

ሰቃ መስመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር አንዲት የሸቀጥ ሱቅ አለች። ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ ዱቄት፣ ማካሮኒ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሳሙና ሁሉም ነበራት። አሁን መደርደሪያው እየሳሳ ነው። ደመወዝተኛው ወር ሲገባ ጅማ ሄዶ የወር አስቤዛውን ከሱፐርማርኬት ይሸምታል። ከሰፈሩ ሱቅ የሚወስደው መሃል ላይ ያለቀበትን ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በዱቤ። ገበሬው ደግሞ ቡናው እስኪደርስ በዱቤ ነው የሚኖረው።

ሱቋ ብትዘጋ ለአንድ ኪሎ ስኳር ጅማ ድረስ ሊኬድ ነው። አቅመ ደካሞችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ደግሞ ይህን አይችሉትም። ስለዚህ ሙያው ያላችሁ ንገሩን። የዋጋ ልዩነቱን እንዴት እናስላ? ምን ብንገዛ ነው በእርግጥ የምንጠቅማት? ዱቤውስ እንዴት ይያዝ? በክረምት የሚበላሸው ዕቃም ሌላ ራስ ምታት ነው።

የጅምላ ሂሳብ፦

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልነሳ። ሱቅ መደገፍ ሲባል ብዙ ሰው በአዘኔታ አንድ ሁለት ነገር መግዛት ይመስለዋል። ሱቅን የሚያቆመው ቶሎ ቶሎ የሚዞር ገንዘብ ነው። በቁጥር ላሳይህ፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለስሌት ማሳያ ብቻ ያዛቸው።

ሱቋ 120,000 ብር መንቀሳቀሻ አላት እንበል። በግዢ ዋጋ ላይ በአማካይ 8 በመቶ ትጨምራለች። ዕቃው በየ15 ቀኑ አልቆ ከተተካ ገንዘቡ በወር ሁለቴ ዞረ። በግዢ ዋጋ የ240,000 ብር ዕቃ ወጣ፣ ጥቅል ትርፉም 19,200 ብር ሆነ። አሁን ከዚያው 120,000 ውስጥ 50,000 ብር በዱቤ ደብተር ላይ ተኝቷል እንበል። የሚዞረው 70,000 ብቻ ነው፤ በወር 140,000፣ ትርፉም 11,200 ብር። የጎደለው 8,000 ብር ኪራይና የረዳት ደመወዝ የሚከፈልበት ነበር። ደንበኛው አልቀነሰም፣ ባለሱቋም አልሰነፈችም፤ ግን ሱቋ ታማለች። ይህን ለማካካስ ዋጋ ስትጨምር ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ጅማ ይሸሻል፣ ዱቤ የሚወስደው ብቻ ይቀራታል። መደርደሪያው የሚሳሳው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ እናንተ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ለሱቋ ትልቁ ያ የወር አስቤዛ ነው። ጨውና ክብሪት በሩን ያስከፍታሉ እንጂ ኪራይ አይከፍሉም። አሥር ደመወዝተኛ ቤተሰብ የስኳሩን፣ የዘይቱንና የዱቄቱን ግዢ ብቻ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በጥሬ ገንዘብ ወደዚች ሱቅ ቢያዞር፣ ባለሱቋ ያንን ገንዘብ ይዛ በዚያው ወር እንደገና ጅምላ ትወርዳለች።

የዋጋ ልዩነቱን ስታሰሉ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው የጉዞውን መርሳት ነው። የ6,000 ብር አስቤዛ ሰፈር ላይ በ6 በመቶ ቢወደድ ልዩነቱ 360 ብር ነው። ከዚያ ላይ የሚኒባስ ደርሶ መልስ፣ ከመናኸሪያ ሱፐርማርኬት የባጃጅ፣ ዕቃ ስትጭን የምትጨምረው፣ እግረ መንገድህን ሳታስበው የምትገዛው ይቀነሳል። በወር ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ብዙ ጊዜ ያተረፈ መስሎት ከፍሎ ነው የሚመለሰው። በራሱ ጉዳይ ለማንኛውም ጅማ የሚውል ሰው ግን ሂሳቡ ይለያል፤ እሱን በግድ አትከራከሩት።

ሁለተኛው ስህተት ዘይት ላይ ነው። አንዱ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ይሸጣል፤ ሰው ግን እኩል አድርጎ ያወዳድራል። የሱፍ ዘይት አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። አንድ ኪሎ ዘይት የገዛ ሰው ወደ 1.09 ሊትር ወስዷል። ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት የጀሪካኑን ክብደት ሳይጨምር 18.4 ኪሎ ያህል ነው። ባለሱቋም ይህን ካላወቀች ጀሪካኑን «20 ኪሎ» ብላ ተምና ስትሸጥ በየጀሪካኑ አንድ ኪሎ ተኩል ይጎድልባታል፣ የት እንደገባም አታገኘውም።

እግረ መንገዴን ስለ ሚዛን ልጨምር፤ ከዱቤ ቀጥሎ ሱቅ የሚያፈሰው እዚህ ነው። የ50 ኪሎ ስኳር በኪሎ በኪሎ ሲመዘን እጅ ለቀቅ ብሎ በእያንዳንዱ 20 ግራም ቢያልፍ አንድ ሙሉ ኪሎ ሄደ። ይህ 2 በመቶ ነው። በስኳር ላይ የምታተርፈው 5 በመቶ ከሆነ ከትርፏ 40 በመቶው በሚዛኑ ጠርዝ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። የምታሸገው በጸጥታ ሰዓት፣ በአንድ ቁጭታ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሚዛኑን በተረጋገጠ ድንጋይ በየሳምንቱ ትፈትሸው። በስፕሪንግ የሚሠራው ተንጠልጣይ ሚዛን ከጊዜ በኋላ ይረግባል፤ የዲጂታሉ ደግሞ ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ይዋልላል።

ጎተራ፦

የሚበላሸውን ዕቃ ለኔ ተዉት። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ይዘልቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አዳማ ላይ የሚሠራ የአቀማመጥ ዘዴ እዚህ አይሠራም።

መጀመሪያ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ላብ ያወጣል። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት የላይኛው ጆንያ ጀርባ ላይ የሳንቲም መጠን ያላቸው እርጥብ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ያላበው ቆርቆሮ ነው የተንጠባጠበው። ዱቄቱ በዚያች ነጥብ ሥር ይጓጉልና በሳምንቱ ይሻግታል፣ ሽታውም ወደ ሙሉው ጆንያ ይሄዳል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ኮርኒስ ማድረግ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ መተው።

ጆንያ በምንም ምክንያት መሬት አይነካም። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ ይሠራለት። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ቦታ ከተገኘ አንድ ክንድ ይራቅ። ይህ ክፍተት አየር ያዞራል፤ አይጥም ተደብቆ አይራባም፣ ምክንያቱም ድመትም መጥረጊያም ይገባበታል። አዲስ የመጣው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይሁን፤ የገባበት ቀን በማርከር ጆንያው ላይ ይጻፍ።

በቆሎም ስንዴም ስትገዙ እርጥበቱን ሳትፈትሹ አትረከቡ። መሣሪያ አያስፈልግም። ደረቅ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው መጥበሻ ላይ ሞቅ አድርጋችሁ አድርቁና አቀዝቅዙት። ይህን ማድረቅ አትዝለሉት፤ የጅማ ጨው ራሱ እርጥብ ስለሆነ ያሳስታችኋል። ከጨው ጋር እህሉን የጠርሙሱን ሲሶ ያህል ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ነቅንቁ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ሻጩ ያድርቀው። ጨው ወደ ታች ከረገፈ ከዚያ በታች ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ በቆሎ ግን 13 በመቶ ድረስ መውረድ አለበት፣ ስለዚህ ከፈተናው በኋላም ሁለት ሦስት ፀሐይ ይጨመርለት።

ለነቀዝ ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ጥሩ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውጭ አለው። ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። አየሩን በእጅ ተጭኖ ማስወጣትና እያንዳንዱን ድርብ ለብቻው ጠምዝዞ፣ አጥፎ ማሰር ነው ምስጢሩ። ግን ባለሱቆች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ አለ፤ በየቀኑ እየከፈቱ የሚሸጡበት ከረጢት ምንም አይጠቅምም፣ አየር በገባ ቁጥር ነቀዙም ይተርፋል። ፒክስ ለመጠባበቂያው ክምችት ነው። ለዕለት ሽያጭ የሚከፈተው ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይሁን፤ በርሜሉ ሲያልቅ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው አዲስ የሚጨመርበት።

እባካችሁ፣ የነቀዝ ኪኒን የሚሉትን ሱቅ ውስጥ እንዳታስገቡ። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል መርዝ ጋዝ ያወጣል። ብዙው ሱቅ ከጀርባው ቤተሰብ የሚተኛበት ክፍል አለው። ጋዙ በጣውላ ስንጥቅ ያልፋል፣ ሰው ይገድላል። ይህን ለባለሱቋ በግልጽ ንገሯት።

ጨው በተከፈተ ጆንያ በክረምት ውሃ ይተፋል፤ አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ያለው እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ የታሸገውን ትያዝ፣ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ታስቀምጥ። ስኳር ሲጓጉል ግን አልተበላሸም፣ መትቶ ማፍረስ ይበቃል። ሽሮና በርበሬ በክረምት የሁለት ሳምንት ሽያጭ ብቻ ይያዝ። በርበሬ የሻገተ ሽታ ካለው በምንም ዋጋ አይገዛም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ሳሙና ከዱቄት፣ ከሻይና ከስኳር በተቃራኒው ግድግዳ ይቀመጥ፤ ነጭ ጋዝ ካለም ጨርሶ ከክፍሉ ይውጣ። ዱቄት ሽታ ይስባል፣ የሳሙና ሽታ ያለው እንጀራ ወይም ዳቦ የቀመሰ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም።

ሰቃ መስመር፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ቆርቆሮው ላብ ያላችሁት በትክክል የሚታይ ነገር ነው፤ ጣሪያ ያፈሰሰ እየተባለ ሚስማር ሲመታ ነው የሚከረመው። የዱቤው ነገር ነው የቀረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ገበሬው እጅ ገንዘብ የለም። ዱቤ ይቅር ማለት ሰው ይራብ ማለት ነው።

እሸት፦

ዱቤ ይቅር አይባልም። ቡና አብቃይ አገር ላይ ሱቅ ከከፈትክ ዱቤ የሥራው አንድ አካል ነው። ግን ዳር ድንበር ይኑረው።

ደመወዝተኛ ዱቤ ባይወስድ ይመረጣል፤ ከወሰደ ደመወዝ እስከሚገባበት ቀን ብቻ፣ ከ30 ቀን አይለፍ። ገንዘብ እያለው ሱፐርማርኬት በጥሬ ከፍሎ ሰፈር ላይ በደብተር የሚጽፍ ሰው የገበሬውን ዱቤ ነው እየበላ ያለው። ይህን በሰፈር ስብሰባ ላይ በግልጽ መናገር ነውር የለውም።

ለገበሬው፣ ጠቅላላ ዱቤው ከመንቀሳቀሻው አንድ አራተኛ አይበልጥ። በ120,000 ብር 30,000 ማለት ነው። ይህ ለ15 ቤተሰብ ከተከፈለ ለአንዱ 2,000 ብር ይደርሰዋል። ጣሪያው አስቀድሞ ይነገረው፤ ሲሞላ «ሞልቷል» ማለት ያን ጊዜ ጸብ አይሆንም። ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ አንዱ በባለሱቋ አንዱ በደንበኛው እጅ። የሚጻፈው ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ድምሩ ነው፤ በየመስመሩ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። «ስኳርና ሌላ» ብሎ በድምር መጻፍ ኅዳር ላይ ጭቅጭቅ ይወልዳል።

መክፈያውም «ቡና ሲደርስ» አይባል፤ ያ ቀን የለውም። እሸት ቡና እንደ ቦታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በዙር በዙር ነው የሚለቀመው። ከመጀመሪያው ለቀማ ሽያጭ ግማሹ፣ ቀሪው እስከ ኅዳር 30 ተብሎ ይጻፍ። ቡናውን አድርቆ በጀንፈል የሚሸጥ ሰው ገንዘቡ ዘግይቶ ስለሚገባ ለእሱ ጥር መጨረሻ ይሁን። ለዘገየ ላይ ዋጋ መጨመር አይገባም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ ይህ ወለድ ነው፤ ከሃይማኖቱም ውጭ ሰውን የሚያሸሽ ነገር ነው። ዱቤ የሚወስድም የማይወስድም አንድ ዋጋ ይክፈል።

አደራ የምለው አንድ ነገር፣ ቡናን ገና በአበባው ሳለ በርካሽ አስይዞ ዱቤ መውሰድ ውስጥ እንዳትገቡ። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ለጥቂት ኪሎ ስኳር ያስረክባል። ባለሱቋም የቡና ንግድ ፈቃድ ከሌላት ቡና በዕዳ መቀበል አትችልም፣ በሕግ ያስጠይቃታል።

ከዱቤ የተሻለው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገንዘብ አለ። 20 ቤተሰብ እያንዳንዱ 1,500 ብር አስቀድሞ ቢከፍላት 30,000 ብር ሆነ፤ ያ በትክክል የዱቤውን ቀዳዳ ይደፍናል። ቤተሰቡ ከግንቦት እስከ ነሐሴ በዕቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ የሚያጣላው የዋጋ ንረት ነው። መዝገቡ በብር ከተያዘ፣ በግንቦት ስኳር ሲወደድ ቤተሰቡ ያንሰዋል። በኪሎ ከተያዘ ደግሞ ባለሱቋ ዕቃውን ዛሬውኑ ገዝታ ካላስቀመጠች ኪሳራው የእሷ ነው። መካከለኛው መንገድ ግማሹን በኪሎ፣ ግማሹን በብር መያዝ ነው። በኪሎ የሚያዘው የማይበላሸው ይሁን፤ የታሸገ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሩዝ። ባለሱቋም ገንዘቡ በገባ ሳምንት ያንን ገዝታ ትከዝን። ሽሮና ዱቄት በኪሎ አይያዝ።

በእስልምና «ሰለም» የሚባለው ሽያጭ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዋጋው ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የዕቃው ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠንና የሚሰጥበት ቀን ተለይቶ ይታወቃል። በብር የሚያዘው ግማሽ ግን ዋጋው ስላልተቆረጠ በዚህ ሥር ላይገባ ስለሚችል፣ የሰፈሩን ሼክ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ስምምነቱ ሦስት ምስክር ፊት በጽሑፍ ይሁን። ባለሱቋ ብትታመም ወይም ብትለቅ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም አብሮ ይጻፍ።

ሂርማታ ሐሙስ፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ ግን ሁላችሁም የረሳችሁት ሱፐርማርኬቱ ለምን እንደሚረክስ ነው። ወደ ጅማ የሚመጣው አብዛኛው የፋብሪካ ሸቀጥ ከአዲስ አበባ በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣ የጊቤን በረሃ አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ለሱፐርማርኬቱም ለእናንተም ሱቅ መንገዱ አንድ ነው። ልዩነቱ እሱ በአይሱዙ ያስጭናል፣ እሷ አንድ ካርቶን በሚኒባስ ጣሪያ። ስለዚህ መጠን አሰባስቡላት።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የትዕዛዝ ደብተር ይዘጋል። 30 ቤተሰብ ስኳር 4 ኪሎ፣ ዘይት 5 ሊትር፣ የስንዴ ዱቄት 5 ኪሎ ቢያዝ፣ ስኳር 120 ኪሎ፣ ዘይት 150 ሊትር፣ ዱቄት 150 ኪሎ ሆነ። ዱቄቱ ልክ ሦስት ባለ50 ኪሎ ነው። ስኳሩ ሁለት ተኩል ስለማይሸጥላት ሦስት ትገዛና 30 ኪሎው ለዕለት ሽያጭ ይቀራታል። ዘይቱ 30 ባለ5 ሊትር ነው፤ አራት አራት የሚይዝ ካርቶን ከሆነ 8 ካርቶን፣ ሁለት ይተርፋል። ግማሽ ክፍያ በትዕዛዙ ቀን፣ በጥሬ ወይም በቴሌብር፣ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ። ቅድመ ክፍያ የሌለው ትዕዛዝ ትዕዛዝ አይደለም። አንድ ሰው ቀርቶ ዕቃው እጇ ላይ ሲወድቅ ነው ይህ አሠራር በሁለተኛው ወር የሚሞተው።

ግዢው ረቡዕ ይሁን እንጂ ሐሙስ አይሁን። ሐሙስ የጅማው የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ መኪናም ተሸካሚም ይወደዳል፣ የጅምላ ሻጩም ቆሞ ሊያነጋግራት ጊዜ የለውም። አንድ ሰው አብሯት ይሂድ፤ ጆንያው ከመጫኑ በፊት ይመዘን፣ ደረሰኝ ይያዝ። ሲጫን ዘይቱ ቆሞ፣ ዱቄትና ስኳሩ ከላይ፣ ሳሙናው ለብቻ፣ ሁሉም በሸራ ይሸፈን። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለታየ ሸራ አትተዉ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው።

ሌላው፣ ሱፐርማርኬቱ ጋ የሌለ፣ የእናንተ ሱቅ ብቻ ሊኖረው የሚችለው ነገር አለ፤ የሰፈሩ ምርት። እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ማር። ገበሬው በዕቃ ይለውጣል፣ ዱቤውም ይቃለላል። እንቁላል አይታጠብ፤ ሲታጠብ የተፈጥሮ መከላከያው ይሄዳል፣ ቶሎ ይበላሻል። ሹል ጫፉ ወደ ታች፣ ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሸጥ። ሲረከቡ ውሃ ውስጥ መክተት ነው፤ የተኛው ትኩስ፣ የቆመው የቆየ፣ የተንሳፈፈው አይገዛ። ከ30 እንቁላል አንድ ሲሰበር 3.3 በመቶ ሄደ፤ ስለዚህ በ5 በመቶ ትርፍ እንቁላል አይሸጥም፣ ቢያንስ 10 ይሁን። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም። የደረሰውን ለቅሞ ሳይጥሉ አውርዶ፣ የሚቸኩለውን ከሙዝ ጋር ማስቀመጥ ነው። ድንች ብርሃን አያግኘው፣ አረንጓዴ የሆነው ክፍል ሰውን ያሳምማል። ቲማቲም በክረምት አትያዝ፤ ከሦስት ሳጥን አንዱ ለከብት ነው የሚሆነው።

የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ትለጥፍ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት አንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት፤ ዘይት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ለሳምቡሳ የሚሆን ዱቄትና ተምር ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚፈለገው። በ2019 ግን ረመዳን የካቲት መግቢያ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ወሩ ሲያልቅ ነው፣ ግዢው ለሁለት ይከፈላል። እንቁላልና ቅቤ በጾሙ 55 ቀናት የክርስቲያኑ ፍላጎት ይወርዳል፤ የሙስሊሙ ቤት ግን ይገዛል፤ መጠኑን በሰፈሩ ቤት ቆጥራ ትያዝ።

ማቀዝቀዣ ለመግዛት አትቸኩል። መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ወተት የሳምንት ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ጎተራ፦

ሂርማታ ሐሙስ ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ልጨምር። የማብቂያ ቀን ስታነቡ አቆጣጠሩን ለዩ። አንዳንድ የአገር ውስጥ ፋብሪካ በኢትዮጵያ ቀን ያትማል። «03/2019» በእኛ ኅዳር 2019 ነው። በፈረንጅ ካነበባችሁት ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት መስሎ ደህናው ዕቃ ይጣላል። በዚያው ልክ የፈረንጁን በእኛ አንብቦ ያለፈበትን መሸጥም አለ፤ ይህኛው የባሰ ነው። ከቀኑ ጎን ያለውን ምልክት እዩ፤ ከሌለ አከፋፋዩን ሳትጠይቁ አትረከቡ።

ሰቃ መስመር፦

ማክሰኞ የሚዘጋውን ደብተር በዚህ ወር እንሞክረዋለን፤ 14 ቤተሰብ ተስማምቷል። ከነዋሪው አንዳንዱ «ለምን ራሳችን የሸማች ማኅበር አናቋቁምም?» ይላል። ሱቋን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?

የጅምላ ሂሳብ፦

ለ14 ቤተሰብ አትቸኩሉ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ፣ የሥራ አመራር መርጦ፣ ኦዲት ተደርጎ ነው የሚሄደው። ድርሻው ምንም ያህል ይሁን አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። ጥሩ አሠራር ነው፤ በቡናው ጎማም ሊሙም በማኅበር መሥራት የለመደ አገር ነው። ግን ሰፈራችሁ ለሁለት ሱቅ የሚበቃ ሽያጭ የለውም። ማኅበሩ ሱቅ ከከፈተ የእሷን ይዘጋል፤ ሒሳብ ያዥ፣ ሻጭና ኪራይ ደግሞ እንደ አዲስ ይከፍላል። እሷ ግን ሱቁም፣ ፈቃዱም፣ ልምዱም አላት፣ ሌሊት በሯ ሲንኳኳም ትከፍታለች።

ስድስት ወር በትዕዛዝ ደብተሩ ሥሩ። በየወሩ ሦስት ቁጥር ያዙ፤ በደብተሩ የመጣው ሽያጭ፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ ተበላሽቶ የተጣለ። ከ60 ቤተሰብ በላይ በቋሚነት ማዘዝ ከጀመረና ከአንድ ሱቅ አቅም በላይ ከሆነ ያን ጊዜ ማኅበሩን አንሱት፣ እሷንም ሻጭ አድርጋችሁ። ለአሁኑ ለ14ቱ ስኳሩ 56 ኪሎ ነው የሚመጣው፤ አንድ ባለ50 ኪሎ ገዝታ ስድስቱን ከመደርደሪያዋ ትሙላ፣ ሁለተኛውን ጆንያ አታስከፍቷት።